104 ዴሲቤል ስፒከርና የማይዘጋው «እምም»፦ አንድ የከዚራ ጉዳይ

ድሬዳዋ፣ ከዚራ። ወፍራም ግድግዳና ከፍ ያለ ጣሪያ ያለው የድሮ ቤት። ሳሎኑ ውስጥ ሁለት ትልልቅ ስፒከሮች፣ አንድ ቱዩብ አምፕሊፋየር (በመስታወት አምፖል መሳይ ቱዩቦች ድምፅ የሚያጎላ) እና ከእሱ በፊት የሚገባ አንድ ቱዩብ ፕሪአምፕ አሉ። ሙዚቃው ሲከፈት ሰፈር ይሰማል። ሲቆም ደግሞ ስፒከሮቹ ዝም አይሉም፤ «እምምም» እና «ሽሽሽ» ይላሉ። እትዬ፣ የቤቱ እመቤት፣ «ፍሪጁ ነው እያልኩ ስንቴ ከእንቅልፌ ተነስቻለሁ» አሉኝ።

ሌላው ቅሬታ የቮልዩሙ ነው። ቁልፉ ከዜሮ ንቅንቅ ከማለቱ ድምፁ ጎረቤት ይቀሰቅሳል። ቀስ ብለው ዝቅ ሊያደርጉት ሲሞክሩ የግራው ስፒከር ይጠፋና የቀኙ ብቻ ይቀራል። ጋሼ፣ ማለትም አባወራው፣ የጠየቁት ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት መልስ ሰጥቷቸዋል፦ «አምፑ አቅም አንሶት ነው፣ ባለ 100 ዋት ይግዙ።» እንዲህ ዓይነት ምክር የሚሰጠው ገንዘቡ የሌላ ሰው ሲሆን ነው።

ጋሼ ጡረታ የወጡ የምድር ባቡር ሰው ናቸው። ስፒከሮቹን ልጃቸው ከአሜሪካ ከቤት ዕቃ ጋር አድርጎ በጂቡቲ በኩል ላከላቸው። ክሊፕሽ ላ ስካላ ይባላሉ። ፖል ክሊፕሽ የተባለው አሜሪካዊ መሐንዲስ ድርጅቱን የመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1946 ነው፤ ላ ስካላ የመጣው በ1963። ባሱም፣ መካከለኛውም፣ ቀጭኑም ድምፅ የሚወጣው በሆርን ነው። ሆርን ለእኛ እንግዳ አይደለም። በመስጊድና በቤተ ክርስቲያን አናት ላይ የምናየው ጡሩንባ በጥቂት ዋት ሰፈር ሙሉ የሚያዳርሰው በዚሁ ብልሃት ነው። ላ ስካላ ያንኑ ብልሃት በእንጨት ሣጥን ውስጥ አጣጥፎ ሳሎን አስገባው።

አምፕሊፋየሩ የቻይና ሥራ ነው። አራት ኢኤል 34 ቱዩብ አለው፤ ሁለት ሁለቱ በፑሽፑል፣ ማለትም አንዱ ሲገፋ ሌላው እየጎተተ፣ ይሠራሉ። ለእያንዳንዱ ቻናል 40 ዋት ይሰጣል። ፕሪአምፑ ኢሲሲ 83 የሚባለውን፣ አሜሪካኖቹ 12ኤኤክስ7 የሚሉትን ቱዩብ ይጠቀማል። ሁለቱም ከፍቼ እንዳየኋቸው ንጹሕ ሥራ ናቸው። ለብቻ ለብቻ ቢታዩ የሚነቀፉበት ነገር የለም።

መጀመሪያ የጠየቅኳቸው ድምፁ መቼ እንደጀመረ ነው። «ኅዳር ላይ» አሉ። ኅዳር ላይ የተበላሸ ነገር ግን አልነበረም። ከሚያዝያ እስከ መስከረም የድሬ ሳሎን ያለ ቬንትሌተር አይታሰብም። ኅዳር ላይ ብርድ ብርድ ሲል ቬንትሌተሩ ይጠፋል። ጣሪያው ላይ ያለውን ቬንትሌተር አስነሳሁት። እምምታው የለም። አጠፋሁት፤ ተመልሶ መጣ። ድምፁ ዓመቱን ሙሉ እዚያው ነበር። ጸጥታ ስለጠፋ ነው ያልተሰማው።

ስሌቱ

ስፒከር ሲገዛ ሰው የሚያየው «ስንት ዋት ይችላል» የሚለውን ነው። ዋናው ቁጥር ግን ሌላ ነው፦ 1 ዋት ሲሰጠው፣ 1 ሜትር ላይ ስንት ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ) ያወጣል? ተራ የመደርደሪያ ስፒከር 86 አካባቢ ነው። ላ ስካላ 104 አካባቢ። ልዩነቱ 18 ዴሲቤል ይሆናል። በየ3 ዴሲቤሉ የሚያስፈልገው ኃይል በእጥፍ ስለሚያድግ፣ 18 ዴሲቤል ማለት ስድስት ጊዜ እጥፍ፣ 64 ጊዜ ማለት ነው። ስለዚህ የጋሼ 40 ዋት በ86ቱ ስፒከር ቢታሰብ 2,500 ዋት ገደማ ይሆናል። «100 ዋት ይግዙ» ያሏቸው ሰዎች ይህን አላሰሉትም።

ጋሼ የሚቀመጡት ከስፒከሩ 3 ሜትር ርቀው ነው። ርቀቱ የሚወስደውንና ክፍሉ የሚመልሰውን አቻችለን 7 ዴሲቤል ይጠፋል እንበል። 1 ዋት ወንበራቸው ጋ ሲደርስ 97 ዴሲቤል ነው። ለደስታ የሚሰማ ሙዚቃ በአማካይ 80 ቢሆን፣ ከ97ቱ በ17 ያንሳል። በኃይል ሲመነዘር 0.02 ዋት ነው። አዎ፣ 20 ሚሊዋት። ከበሮው ሲመታ ድንገት 15 ወይም 20 ዴሲቤል ቢዘል እንኳ 2 ዋት ይበቃዋል። ቀሪው 38 ዋት አምፑ ውስጥ ተቀምጦ ክፍሉን ከማሞቅ በቀር ሥራ የለውም። ለድሬ ደግሞ ሙቀት ማከል...

አሁን ሌላውን ጎን እንይ። ስፒከሩ ሙዚቃና ጫጫታ አይለይም። የተሰጠውን ሁሉ ያወጣል። ከአምፑ የሚወጣ 1 ሚሊቮልት እምምታ በ86ቱ ስፒከር 17 ዴሲቤል ነው፤ ማንም አይሰማውም። በላ ስካላ ግን 35 ይሆናል። ሌሊት ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ ይህ ይሰማል። አምፑን የሠራው ፋብሪካ በተራ ስፒከር ፈትኖ «ጸጥ ያለ ነው» ቢል አልዋሸም።

ቮልቴጁስ የት ይሄዳል?

ቴስተሬን የግራው ስፒከር ገመድ ላይ ሰካሁት። ሙዚቃ የለም፤ ቮልዩሙ ዜሮ። 9 ሚሊቮልት አነበበ። ቮልዩሙ ዜሮ ሆኖ ይህን ያህል ድምፅ ካለ፣ ጫጫታው የሚገባው ከቮልዩሙ በኋላ ነው ማለት ነው። ወይም በመሬት ሽቦ በኩል።

መጀመሪያ የዲሹን ነገር አየሁ። ጋሼ ዜና በጥሩ ድምፅ መስማት ስለሚወዱ ሪሲቨሩን ከፕሪአምፑ ጋር አገናኝተውታል። የዲሹ ገመድ ከጣሪያ ይመጣል። ዲሹ በብረት ምሰሶ ቆሟል፤ ምሰሶው ከቤቱ ብረት ጋር ተያይዟል። አምፑ ደግሞ በስፒናው በኩል የራሱ ኧርዝ፣ ማለትም የመሬት ሽቦ፣ አለው። ሁለት ኧርዝ፣ በሁለቱ መካከል ትንሽ የቮልቴጅ ልዩነት፣ ልዩነቱን የሚያመላልሰው ደግሞ የኦዲዮ ገመዱ ጋሻ (መሀሉን ሽቦ የሚሸፍነው የውጪ መረብ)። 50 ኸርዝ እምምታው የገባው በዚህ በር ነው። ዲሹን ከሪሲቨሩ ነቀልኩ። 9ኙ ወደ 6 ወረደ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። ብዙ ሰው እንዲህ ሲያጋጥመው የአምፑን ስፒና ኧርዝ ቆርጦ ይጥላል። እምምታው ይጠፋል፣ ሰውየውም ይደሰታል። ግን ቱዩብ አምፕ ውስጥ ከ400 ቮልት በላይ ዲሲ አለ። አንድ ሽቦ ተላቆ ሣጥኑን ቢነካ፣ ፊውዙን የሚያቃጥለው ያ ኧርዝ ነበር። እሱ ከሌለ ተራው የሚነካው ሰው ነው። ኧርዝ አይቆረጥም፤ የሚለየው የኦዲዮ ገመዱ ነው፤ ለዚያ ተብሎ የተሠራ ትንሽ ትራንስፎርመር አለ። ካፓሲተሮቹም ከሶኬት ከተነቀለ በኋላ ኃይላቸውን ይዘው ይቆያሉ። የማያውቅ ሰው ክዳኑን ባይከፍት ይሻላል።

ቀጥሎ ፕሪአምፑን ጭራሹን ነቀልኩት። በአምፑ መግቢያ ላይ መሀሉና ጋሻው የተገናኘ የአርሲኤ መሰኪያ ሰካሁ። ይህ መግቢያውን አፉን ይዘጋዋል። 6ቱ ሚሊቮልት ወደ 1.2 ወረደ። ሽሽታውም ጠፋ ማለት ይቻላል። በቀኙ በኩል 2 አካባቢ ነበር። የዚያኛው ወገን ሁለቱ ቱዩቦች ባያስ፣ ማለትም ሙዚቃ ሳይኖር የሚጎትቱት ከረንት ልክ፣ እኩል አልነበረም። በፑሽፑል አምፕ ሁለቱ ቱዩቦች እኩል ሲጎትቱ ከፓወር ሰፕላዩ የሚመጣው 100 ኸርዝ እምምታ ይጠፋፋል፤ አንዱ ሲያጋድል ይቀራል። አስተካከልኩት፣ ከግራው ጋር ተቀራረበ።

እንግዲህ ዋናው ተጠርጣሪ ፕሪአምፑ ሆነ። ግን አልተበላሸም። ሥራውን በደንብ እየሠራ ነው፤ ያ ሥራ እዚህ ቤት አያስፈልግም እንጂ።

ሲዲ ማጫወቻ በሙሉ ድምፁ 2 ቮልት ያወጣል። የሙዚቃው አማካይ ከዚያ በብዙ ያነሰ ነው፣ 0.35 ቮልት እንበል። ስፒከሩ ለ20 ሚሊዋት የሚፈልገው 0.4 ቮልት ነው። ልብ በሉ፤ ከሲዲው የሚወጣውና ስፒከሩ የሚፈልገው እኩል ሊሆኑ ምንም አልቀራቸውም። ማጉላት የሚባል ነገር በቮልቴጅ ረገድ የለም ማለት ይቻላል። የጋሼ ዕቃ ግን ፕሪአምፑ 10 ጊዜ ያጎላል፤ አምፑ ደግሞ 22 ጊዜ። ሲባዛ 220 ጊዜ። የሚፈለገው 1 ጊዜ ገደማ ነው። ልዩነቱን ሁሉ የሚያፍነው ያ ምስኪን ቮልዩም ነው። ከዜሮ ትንሽ ከፍ ብሎ መታፈኑም ለዚህ ነው። ከዚህ በተጨማሪ ቮልዩም ማለት ለግራና ለቀኝ የተሠሩ ሁለት ተለዋዋጭ ሬዚስተሮች በአንድ ዘንግ ላይ ናቸው። መሀል አካባቢ ይመሳሰላሉ። ጫፉ ላይ ግን አንዱ ቀድሞ ይዘጋል። የግራው ስፒከር የሚጠፋው በዚህ ነው። ውድ ቮልዩም ቢገጠም ትንሽ ይሻሻል ነበር፤ ችግሩ ግን አይነቀልም።

ኢሲሲ 83 ቱዩብ ራሱ የሚያመርተው ሽሽታ ደግሞ ከቮልዩሙ በኋላ ነው የሚወለደው። ስለዚህ ቮልዩሙን ዜሮ ብታደርገው አይነካውም። እሱን አምፑ ተቀብሎ 22 ጊዜ ያጎላዋል፤ ስፒከሩ ደግሞ ከተራው ስፒከር በ18 ዴሲቤል ከፍ አድርጎ ያስተጋባዋል።

የተደረገው

የሰፈሩ ሠራተኛ አንድ ሐሳብ ነበረው፦ ኢሲሲ 83ን አውጥቶ ኢሲሲ 82 መክተት። እግሮቻቸው አንድ ናቸው፤ ይገጥማሉም። ማጉላቱ ከ100 ወደ 20 ገደማ ስለሚወርድ በወረቀት ላይ ያምራል። ነገር ግን በውስጡ ያሉት ሬዚስተሮች የተመረጡት 1 ሚሊአምፔር አካባቢ ለሚጠጣው 83 ነው። 82 ብዙ ከረንት ይወዳል። በዚያ ሰርኪት ውስጥ ተርቦ ይሠራል፤ ድምፁም ይዛባል። ሬዚስተሮቹን ለመቀየር ፈቃደኛ ከሆኑ ሌላ ነገር ነው። ጋሼ አልፈለጉም።

ፕሪአምፑን አውጥቶ ሲዲውን በቀጥታ በአንድ 10 ኪሎኦም ቮልዩም ወደ አምፑ መስደድም ይቻል ነበር። ለእኔ ይህ ንጹሑ መንገድ ነበር። ጋሼ ግን ለፕሪአምፑ ገንዘብ አውጥተዋል፤ ከዚያም በላይ ማታ ማታ የቱዩቡን ብርሃን ይወዱታል። ይሄንን መናቅ አይገባም። ሰው ሙዚቃ የሚሰማው ለቴስተር አይደለም።

ስለዚህ መካከለኛውን መንገድ ወሰድን። በአምፑ መግቢያ ላይ፣ ለእያንዳንዱ ቻናል ሁለት ሬዚስተር። 22 ኪሎኦሙ በመንገዱ ላይ፣ 10 ኪሎኦሙ ወደ ግራውንድ። የአምፑ የራሱ መግቢያ 100 ኪሎኦም ስለሆነ፣ ተደምሮ 11 ዴሲቤል ያህል ይቀንሳል። ለፕሪአምፑም የሚከብድ ጭነት አይደለም። ሬዚስተሮቹ ከፕሪአምፑ ጋ ሳይሆን ከአምፑ ጋ መሆናቸው ለምክንያት ነው፦ በመካከል ያለው ረጅም ገመድ የሚለቅመው ጫጫታም አብሮ እንዲቀንስ። ዋጋቸው ከአንድ ጠርሙስ ውሃ አይበልጥም።

ጋሼ ነገሩ አልጣማቸውም። «አቦ፣ ይሄን ሁሉ ብር አውጥቼ ድምፅ መቀነሻ ልግጠም?»

«ጋሼ፣ ሙዚቃውን ቮልዩሙን ከፍ አድርገው መልሰው ያገኙታል። ተቀንሶ የሚቀረው ፕሪአምፑ የሚያመጣው ሽሽታ ነው።»

«እስቲ እንየዋ።»

ገጠምነው። የቮልዩሙ ቁልፍ አሁን በሰዓት ፊት ላይ 10 ቁጥር ወዳለበት አቅጣጫ ሲደርስ ነው ቤቱ የሚሞላው። ግራና ቀኙ እኩል ናቸው። በስፒከሩ ላይ 2 ሚሊቮልት ቀረ።

ከዚያ የስፒከሩን ሽቦ ከአምፑ ባለ 8 ኦም መውጫ አንስቼ 4 ኦሙ ላይ አሰርኩት። ስፒከሩ 8 ኦም ነው ተብሎ የለ? አዎ። ግን በ4 ኦሙ መውጫ ቮልቴጁ በ3 ዴሲቤል ያንሳል፤ ሙዚቃውም ጫጫታውም። የአምፑ የውጤት ኢምፒዳንስም (በመውጫው ላይ ያለው፣ በኦም የሚለካ የውስጥ ተቃውሞ) በግማሽ ይወርዳል፤ ስለዚህ ስፒከሩን በተሻለ ሁኔታ ይገዛዋል። የሚጠፋው ከፍተኛው ኃይል ነው፤ 40 ዋቱ ወደ ግማሽ ይጠጋል። 2 ዋት ለሚበቃው ሰው ይህ ኪሳራ አይደለም። በተራ ስፒከር ግን እንዲህ አድርጉ አልልም። 2ቱ ሚሊቮልት 1.4 ሆነ።

9ኙ ሚሊቮልት 1.4 ሲሆን፣ ጫጫታው በስሌት ከ54 ዴሲቤል ወደ 38 ገደማ ወርዷል። ያ ሁሉ በጆሮ እኩል አይሰማም። 50 ኸርዙን ጆሮ ቸል ይለዋል፤ ሆርኑም እዚያ ታች ጉልበት የለውም። ጆሮ የሚይዘው 100ውንና ሽሽታውን ነው። አሁን ከወንበሩ ሆኖ አይሰማም። ጆሮን ሆርኑ ውስጥ ለከተተ ግን ይሰማል። እትዬ እንዳይከቱ ነግሬያቸዋለሁ።

አንድ ትንሽ ነገር ደግሞ። ፕሪአምፑ የተቀመጠው ስፒከሩ አናት ላይ ነበር። በእርሳስ ጫፍ ቱዩቡን ቶክ ሳደርገው በስፒከሩ «ቲንግ» አለ። ቱዩብ ውስጥ ያሉት ስስ ብረቶች ሲንቀጠቀጡ ንቅናቄው ወደ ድምፅ ይቀየራል። ስፒከሩ ፕሪአምፑን ያንቀጠቅጣል፣ ፕሪአምፑ መልሶ ለስፒከሩ ይልካል። ወደ ግድግዳው መደርደሪያ አዛወርነው። ስፒከሮቹንም ወደ ጥግ ገፋናቸው። ላ ስካላ ከ50 ኸርዝ በታች እምብዛም አይወርድም፤ የክፍል ጥግ ሲያገኝ ግን ባሱ ይደላደላል። በአሊ ቢራ ዘፈን ነው የሞከርነው። የድሬ ልጅ ስለሆነ ብቻ አይደለም። የዑድ ክር ሲመታ ጣቱ ክሩን የሚለቅበት ቅጽበት በዚህ ስፒከር ቁልጭ ብሎ ይወጣል። ከዚህ በፊት ያ ቅጽበት በሽሽታው ተሸፍኖ ነበር።

መብራቱ ሌላ ራስ ምታት ነው። አመሻሽ ላይ ሶኬቱን ስለካው 195 ቮልት ነበር። የቱዩቡ ማሞቂያ 6.3 ቮልት ይፈልጋል፤ በ195 ወደ 5.6 ይወርዳል። ይህ ከተለመደው 10 በመቶ ወሰን ትንሽ ያለፈ ነው። ሌሊት ደግሞ ከ220 በላይ ይወጣል። ባያሱን ያስተካከልኩት በ220 ነው፤ በሌላ ቮልቴጅ ያስተካከለ ሰው ቱዩቡን ሊያቃጥል ይችላል። ስታቢላይዘር ይግዙ አልኳቸው፤ በሪሌይ ቀጭ ቀጭ የሚለውን ሳይሆን በሞተር የሚዞረውን። ቀጭታው በሆርን ሲወጣ እንደ ጥይት ነው።

ጋሼ አሁን ልባቸው ሌላ ጋ ሄዷል። 300ቢ በሚባለው ቱዩብ የምትሠራው ባለ 8 ዋት አምፕ ለሆርን ትስማማለች ሲባል ሰምተዋል። ኃይሉ ይበቃል፤ እንዲያውም 3.5 ዋት የምትሰጠው ሌላዋ ቱዩብ፣ 2ኤ3፣ ትበቃለች። ነገር ግን ሁለት ነገር አለ። አንደኛ፣ እነዚህ አምፖች ብዙውን ጊዜ ፊድባክ (ከመውጫው ጥቂቱን ወደ መግቢያው መልሶ ስህተቱን የሚያርም ዘዴ) ስለሌላቸው የውጤት ኢምፒዳንሳቸው 2 ወይም 3 ኦም ይደርሳል። የስፒከሩ ኢምፒዳንስ ደግሞ በየድምፁ ከፍ ዝቅ ይላል። አንዱ ቦታ 4፣ ሌላው ቦታ 30 ኦም ቢሆን፣ በ2 ኦም አምፕ ብቻ 3 ዴሲቤል ልዩነት ይፈጠራል። አንዳንዱ ሰው «ሙቀት ያለው ድምፅ» የሚለው ይህንኑ ነው። ቢወዱት አልፈርድም። ሁለተኛ፣ 300ቢ የምትሞቀው በክሯ በቀጥታ ነው፤ በ5 ቮልት። ያ ማሞቂያ ኤሲ ከሆነ እምምታው እንደገና ይመጣል፤ እኛም ወደ ጀመርንበት። 2ኤ3 በ2.5 ቮልት ስለምትሞቅ ትሻላለች። 300ቢ የግድ ካሉ ማሞቂያው ዲሲ መሆኑን ሳያረጋግጡ ገንዘብ እንዳይከፍሉ ነገርኳቸው። እንዲያውም ስፒከሩን ሻጩ ቤት ወስዶ፣ ሙዚቃ ሳይከፈት፣ ቬንትሌተር ሳይኖር ማዳመጥ ነው። ላ ስካላ የሚሸከም ጎረምሳ ማግኘት ግን ቀላል አይደለም።

ለሪሲቨሩ መለያ ትራንስፎርመሩ ገና አልመጣም፤ ከአዲስ አበባ የሚመጣ ሰው እየተጠበቀ ነው። እስከዚያው ጋሼ ዜና የሚሰሙት በቴሌቪዥኑ በራሱ ስፒከር ነው። ስለሱ ሳነሳባቸው ይኮሳተራሉ።